በባቡር ሄደች እንዳትሏት

ከሞጆም ከወለንጪቲም ከአዋሽ ማዶም ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ፣ እዚሁ አዳማም ከትናንት ጀምሮ እንባችሁ ያልደረቀ ወገኖች፣ አሁን የሚነበብላችሁ የወይዘሮ ሸዋወርቅ ሰንበታ ታሪክ ነው። ፀሐዩ ሳይከር ለመጨረስ ማሳጠር ይገባ ነበር። ነገር ግን እሳቸው ጨዋታ ተጀምሮ መሐል ላይ ሲቋረጥ የሚናደዱ ሰው ስለነበሩ፣ ቢረዝምባችሁ ጥፋቱን ከአንባቢው ላይ ሳይሆን ከባለታሪኳ ላይ አድርጉት። እሳቸው እንደሆነ ዛሬ መልስ አይሰጡም፤ መልስ የሚሰጡ ቢሆንማ ማን ይችላቸው ነበር።

ከፊት ለፊታችሁ ተቀምጣ የምታዩአት ትንሽ ልጅ ጌጤ ናት፤ የሟች ልጅ። ከእናንተ መካከል «ኧረ ይህችን ሕፃን ከዚህ ውሰዷት» ያላችሁ አላችሁ። ከደግነት የመጣ ነው፤ ነገር ግን አትውሰዷት። ለምን እንደማትወሰድ ታሪኩ ራሱ ይናገራል።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ከአባታቸው ከአቶ ሰንበታ መርጋና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትርፌ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከሞጆ ወንዝ ማዶ ተወለዱ። «ገደማ» የተባለው፣ ወይዘሮ ትርፌ ዘመኑን ሲጠየቁ «አንበጣ በመጣ በዓመቱ ነው» ብቻ ይሉ ስለነበርና አንበጣውም አንዴ መጥቶ የቀረ ስላልሆነ ነው። በቤት ኦሮምኛ፣ በገበያ አማርኛ እየተናገሩ አደጉ፤ በሁለቱም እኩል ይቀልዱ ነበር፤ ሲያለቅሱ ግን በኦሮምኛ ነበር።

ትምህርትን በሚመለከት፣ በዚያ ዘመን በአካባቢው ሴት ልጅን ፊደል የሚያስቆጥር ስላልነበረ ፈትል ተማሩ። ከፈትል ሌላ የተማሩት ነገር ቢኖር ሰው ሲናገርም ዝም ሲልም ማዳመጥን ነው። ይህንን ማን እንዳስተማራቸው አይታወቅም፤ በቤታቸው ያለው ሁሉ ተናጋሪ ነበርና።

ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱም ሰብስቤ ለሚባል ለአንድ ገበሬ ልጅ ተዳሩ፤ ትዳራቸውም ጥሩ ነበር። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በገባ ጊዜ ባልና ሚስት በአንድ ሰሞን ወደቁ። ሰብስቤን ወደ ሌላው ጎጆ አዛወሩት፤ እዚያው ሞተ፤ ተቀበረም። ሸዋወርቅ ትኩሳቱ ለቋቸው ቀና ሲሉ «ሰብስቤስ?» ብለው ጠየቁ። ቤተ ዘመድም፣ በደካማ ጎናቸው መርዶ እንዳይጨመርባቸው ብሎ «እህሉን ሊያይ ወንዝ ማዶ ሄዷል» አላቸው። እሳቸውም አመኑ። ከሚቀርብላቸው እራት ላይ ግማሹን እየከፈሉ «ሲመጣ ይርበዋል» እያሉ በክዳን ያስቀምጡለት ነበር። ቤተ ዘመድ እያየ ዝም አለ። እውነቱ የተሰማው ሌላ ሰው ሊያስተዛዝን ገብቶ «እግዜር ያጥናሽ» ሲላቸው ነው። በባላቸው ሞት ያለቀሱትን ያህል በዚያ በክዳን በተቀመጠው እራት አለቀሱ። «ሞተ ማለት ከበዳችሁ? ለሞተ ሰው እራት ሳስቀምጥ ቁጭ ብላችሁ ስታዩኝስ አልከበዳችሁም?» አሏቸው። ይህን ያዙልን፤ ኋላ ይመለሳል።

አሁን ወደ አዳማ እንምጣ። አቶ ሐዲስን የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ከባቡሩ ኩባንያ ጋር ሐዲድ የሚጠግኑ፣ ክንዳቸው እንደ ግንድ የሆነ፣ ልባቸው ግን እንደ ቅቤ የሚቀልጥ ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ባለቤታቸው ወይዘሮ መሰለች ነበሩ፤ እልፍነሽ የምትባል ሴት ልጅም ወለዱላቸው። በ1914 ዓ.ም. ወይዘሮ መሰለች ሳል ጠናባቸው። እዚህ ያለው መድኃኒት ሁሉ ስላልያዘላቸው አቶ ሐዲስ በባቡር አሳፍረው ድሬዳዋ ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። እልፍነሽ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። ባቡሩ ሊነሳ ሲል እናቷ በመስኮት ብቅ ብለው «እመጣለሁ የኔ ልጅ፤ ጠብቂኝ» አሏት።

ወይዘሮ መሰለች ድሬዳዋ ላይ ዐረፉ፤ እዚያው ተቀበሩ። አቶ ሐዲስ ብቻቸውን ተመለሱ። ከባቡሩ ሲወርዱ ልጅቱ ሮጣ እግራቸውን አቀፈችና «እማስ?» አለች። ያ ሐዲድ የሚያነሳ ክንድ አንዲት ቃል ማንሳት አቃተው። «በሚቀጥለው ባቡር ትመጣለች» አሉ።

እዚህ ላይ በአቶ ሐዲስ ላይ ማንም እንዳይፈርድ። በእኛ ልማድ መርዶ የአዋቂ ነው። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ከቦ፣ ሰውየውን መሐል አድርጎ ይነግረዋል። ለሕፃን ግን መርዶ የለውም፤ «ሩቅ አገር ሄደች» ይባላል፣ አድጎ በራሱ ይደርስበታል። የሟቿ አጎት ባላምባራስ ተክለሃይማኖትም ይህንኑ አጸኑ። ልጅቱ እንዳትሰማ ተብሎ ለቅሶው ሞጆ ሆነ፤ የወይዘሮ መሰለችም ልብስና ዕቃ ተጠቅልሎ ከዐይኗ ራቀ። እልፍነሽም ባቡር በሚመጣበት ቀን ሁሉ ጣቢያ እየወረደች ትጠብቅ ጀመር።

በ1915 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ አቶ ሐዲስ ወይዘሮ ሸዋወርቅን አጩ። ሠርጉ እንደ ሁለተኛ ትዳር ሠርግ ቀለል ያለ ነበር፤ ሙሽሪት ከሞጆ በባቡር እንድትመጣ ተወሰነ። በዚያን ጊዜ ለሙሽራ በባቡር መምጣት ትልቅ ወግ ነበር፤ በበቅሎ የመጡት ሁሉ ቀንተው ነበር። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሆነውን ማንም ክፉ አስቦ አላደረገውም። ከሴቶቹ አንዷ እልፍነሽን አጥባ፣ አዲስ ቀሚስ እያለበሰቻት፣ ደስ እንዲላት ብላ «ዛሬ እናትሽ በባቡር ትመጣለች» አለቻት። ሌሎቹም «አዎ፣ ዛሬ እናትሽ መጣች» እያሉ እልል አሉ።

ባቡሩ ከድሬዳዋ ይምጣ ከሞጆ ልጅ አይለይም። ሙሽሪት ፊታቸውን ተሸፍነው ሲወርዱ ልጅቱ በሰው እግር መካከል ሾልካ ቀሚሳቸውን ጨምድዳ ያዘች፤ ፊቷን ጉልበታቸው ላይ ቀበረች። ሸዋወርቅ «ይህች ማን ናት?» ብለው ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ጎንበስ አሉ። ልጅቱ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ጣቶቿን ከቀሚሱ ላይ ቀስ እያለች አላቀቀች። አላለቀሰችም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣም።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ስለዚያ ቀን በኋላ ሲናገሩ «ሰው በሠርጉ ቀን የሚስቅ ፊት ያያል፤ እኔ ከልጅ ፊት ላይ ብርሃን ሲጠፋ አየሁ» ይሉ ነበር።

ልጅቱ ስትጠራ አትዞርም፤ ሲያበሏት ሁለት ጉርሻ ውጣ ታቆማለች። የጎረቤት ልጆችም «ዱዳዋ፣ ዱዳዋ» እያሉ ይከተሏት ጀመር። ቡዳ በልቷታል ተብሎ ታጠነች። ጠበልም ወሰዷት፤ ውኃው ሲወርድባት ዝም ብላ ቆማ ተጠመቀች፤ ዝም ብላ ተመለሰች። አንዳንዱ «ይህች የእንጀራ እናቷን ጠልታ ነው፤ በአርጩሜ ትናገራለች» አለ። ያን ያለው ሰው ዛሬ ከመካከላችን ስላለ ስሙን አንጠራም፤ እሱም ጎንበስ ብሏል። ሸዋወርቅ ግን ልጅቱን አልገረፉም፤ አላባበሉም፤ «እናቴ በይኝ»ም አላሉም። ባቡር በሚመጣበት ቀን ተከትለዋት ጣቢያ እየወረዱ አጠገቧ መቀመጥ ያዙ።

ወይዘሮ ዙለይካን ታውቃላችሁ፤ ይኸው እዚህ ከሴቶቹ መካከል ናቸው። የሀጂ መሐመድሰዒድ ባለቤት፣ ከወሎ መጥተው ጣቢያው አፍ ላይ ጨውና ሸማ የሚሸጡት ናቸው። እሳቸው ከሱቃቸው ሆነው ይህን ሲያዩ ሰነበቱና አንድ ቀን አላስቻላቸውም።

«ሸዋዬ፣ ወላሂ ባቡሩ ላንቺ ደመወዝ ይቁረጥልሽ! ባልሽ ሐዲዱን ይጠግናል፣ አንቺ ደግሞ ሐዲዱ ላይ ታፈጥጫለሽ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እሷ የምትጠብቀውን» አሉ ሸዋወርቅ።

«እሷ ማንን ትጠብቃለች?»

«እሱን እኮ ነው የሚነግረኝ ያጣሁት።»

ወይዘሮ ዙለይካ አለማወቃቸውን ሲያረጋግጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የወይዘሮ መሰለችን ነገር፣ ያንን «ጠብቂኝ» የሚለውን ቃልና የአቶ ሐዲስን መልስ ሁሉ ነገሯቸው፤ እስከዚያ ቀን ለሙሽሪትም ማንም አልነገራቸውም ነበርና። እያወሩ ሳለ ባቡሩ ደረሰ። እልፍነሽ ተነሳች። ከቀሚሷ ጫፍ ላይ ቋጠሮ ፈታች፤ ከውስጡ ቁራሽ ዳቦ አወጣች። ጠዋት የተሰጣት፣ በልታዋለች የተባለው ዳቦ ነው። እሱን በሁለት እጇ ይዛ ከፊተኛው ፉርጎ እስከ ኋለኛው እያንዳንዱን መስኮት ቀና ብላ እያየች ሄደች። ባቡሩ ሲነሳ ዳቦውን መልሳ ቋጠረችው።

ሸዋወርቅ ዳቦውን ሲያዩ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ለሰብስቤ በክዳን ያስቀመጡት እራት ፊታቸው ድቅን አለ።

በዚያው ምሽት አቶ ሐዲስን ጠየቋቸው። «እርስዎ ይንገሯት» አሉ። አቶ ሐዲስ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ያን ቀን ከዋሸኋት በኋላ በምን አፌ?» አሉና አለቀሱ። ስለዚህ ሸዋወርቅ ወደ ባላምባራስ ተክለሃይማኖት ሄዱ። ለአንዲት ገና ለገባች ሙሽራ ይህ ቀላል አልነበረም። የሟቿ አጎት ፊት ቆሞ፣ በሟቿ ልጅ ጉዳይ፣ ያጸኑትን ነገር አፍርሱ ማለት ነው። ባላምባራስ ቢቆጡ የሸዋወርቅ ትዳርም አይቆምም ነበር።

«ልጄ፣ አንቺ ገና እንግዳ ነሽ» አሉ ባላምባራስ። «ለሕፃን መርዶ ሲነገር የት አይተሻል? ነፍሷ ብትወጣስ?»

«ነፍሷማ ከወጣች ቆየች፣ ባላምባራስ። ጣቢያ ተቀምጣለች። እኔ ቤት የማበላው ሥጋዋን ነው።»

«ልጅ ሲያድግ ይረሳል።»

«እርስዎ እናትዎን ረሱ?»

ባላምባራስ ስድሳውን ያለፉ ሰው ነበሩ። ጭራቸውን አንስተው የሌለ ዝንብ አባረሩ። ሸዋወርቅም «በሚቀጥለው ባቡር ቀን ይምጡና አጠገቧ ይቀመጡ። አይተው "ትጠብቅ" ካሉ እኔም አፌን እዘጋለሁ» ብለው እጅ ነስተው ወጡ።

ባላምባራስ መጡ። ካባቸውን ለብሰው፣ ባቡር የሚሳፈሩ መስለው መጡ፤ ሰውም እየተነሳ እጅ ነሳቸው። ከልጅቱ ጎን ተቀመጡ። ባቡሩ ገባ። ዓረቡም ግሪኩም ነጋዴውም ዶሮ ያንጠለጠለችውም ወረዱ። እልፍነሽ ቋጠሮዋን ፈትታ ዳቦዋን ይዛ ከመስኮት ወደ መስኮት ሄደች። አንዲት ተሳፋሪ ለማኝ መስላት ሳንቲም ልትሰጣት እጇን ዘረጋች፤ ልጅቱ የተዘረጋላትን እጅ አየች፣ ቀና ብላ ፊቷን አየች፣ ወደሚቀጥለው መስኮት አለፈች። ባላምባራስ ካባቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። ከካባው ውስጥ ሆነው «ይበቃል። ይነገራት። እንደ ትልቅ ሰው፣ በደንቡ ይነገራት» አሉ።

በደንቡም ሆነ። ጎሕ ሲቀድ ባላምባራስ፣ አንድ ቄስ፣ ሀጂ መሐመድሰዒድና ወይዘሮ ዙለይካ፣ የቅርብ ዘመዶችም በአቶ ሐዲስ ቤት ተሰበሰቡ። በአዳማ ይህን የመሰለ ነገር ከዚያ በፊት አልታየም፤ ያ ሁሉ ጢም ለአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ተነስቶ ቆመ። እልፍነሽን ከመሐል አስቀመጧት። ባላምባራስ ጀመሩ፤ «ልጄ» አሉ፣ ደገሙ፣ «ልጄ» አሉ፣ ከዚያ አላለፉም። አቶ ሐዲስ ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ሸዋወርቅ ከሴቶቹ መካከል ተነስተው መጡና እግሯ ሥር ቁጭ አሉ፤ ፊታቸውን ከፊቷ አስተካከሉ።

«እልፍዬ፣ እናትሽ መሰለች ሞታለች። ድሬዳዋ ታማ ሞተች። አባትሽ ቀበራት። በባቡር አትመጣም፤ ብትችል ትመጣልሽ ነበር። እኔ እናትሽ አይደለሁም። ሸዋወርቅ ነኝ።»

የልጅቱ እጅ ወደ ቀሚሷ ጫፍ ሄደ። ቋጠሮውን ፈታች፤ የትናንቱን ዳቦ አወጣች። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ያልተሰማው ድምፅ ተሰማ።

«እንግዲህ አትበላም?»

«አትበላም፣ የኔ ዓለም። አይርባትም። አይበርዳትም። ሳሉም ለቋታል። ግን አትመጣም።»

ያን ጊዜ ልጅቱ ጮኸች። ያንን ጩኸት የሰማ ጎረቤት ሁሉ እየሮጠ ገባ። ዓመት ተይዞ የነበረው እንባ ሁሉ ያን ቀን ወረደ። አቶ ሐዲስ ተንበርክከው «ዋሽቼሻለሁ ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ» እያሉ አለቀሱ። ወይዘሮ ዙለይካ መቀነታቸውን አጥብቀው ሙሾ አወረዱ። እንደማንኛውም ሐዘንተኛ ለእልፍነሽ ለቅሶ ተደረሰ፤ ጎረቤት ምግብ ይዞ መጣ፤ ሰው ከጎኗ ተቀመጠ፤ «እግዜር ያጥናሽ» ተባለች። ያን ዳቦም ሸዋወርቅ ለሁለት ቆርሰው አብረዋት በሉት።

ይህ ሆነና ልጅቱ በማግስቱ ተፈወሰች ብንላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፤ ግን እሳቸው ውሸት አይወዱም። ብዙ ጊዜ ፈጀ። አንዳንድ ቀን ትናገራለች፣ አንዳንድ ቀን ዝም ትላለች። ጣቢያም ሁለት ሦስቴ ወርዳለች፤ ሸዋወርቅም አብረው ወርደዋል። መኝታዋንም ታረጥብ ነበር፤ ይህ እንዲነበብ የፈቀደችው እልፍነሽ ራሷ ናት። ሸዋወርቅ ጠዋት የልጅቱን ጋቢ ሲያሰጡ የራሳቸውንም ነክረው ከጎኑ ያሰጡት ነበር፤ የማን እንደሆነ አላፊ አግዳሚው እንዳይለይ።

ወይዘሮ ዙለይካ በአጥር ብቅ ብለው «ሸዋዬ፣ እናንተ ቤት ብቻ ነው እንዴ ዝናብ የሚዘንበው?» ሲሉ፣

«ጣሪያችን ክፉ ነው» ይሏቸው ነበር።

ጣሪያው ደህና ነበር። አቶ ሐዲስም ሁለት ጊዜ ወጥተው ፈትሸውታል፤ ለእሳቸውም የነገራቸው አልነበረም።

በዚያ ግቢ ልጅን «ጅቡ መጣልሽ» ብሎ ማስፈራራት ክልክል ሆነ። ወይዘሮ ዙለይካ ገርሟቸው «ታዲያ የዚህ ቤት ልጅ በምን ይተኛል?» ብለው ቢጠይቁ «በእንቅልፍ» ብለው መለሱላቸው። ከዐይን የራቀውን የወይዘሮ መሰለችን ዕቃ አስፈትተው የእንጨት ሚዶዋን አወጡ፤ ጠዋት ጠዋት የልጅቱን ፀጉር በእሱ እያበጠሩ «ይህ የእናትሽ ሚዶ ነው» ይሏት ነበር። የመሰለች ሙት ዓመት ሲደርስ ዝክሯን የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ፤ «እናትሽ ምን ትወድ ነበር?» ብለው ልጅቱን ይጠይቋትና የተባለውን ያዘጋጃሉ። አንድ ዓመት «ሸንኮራ አገዳ» አለች። የዝክሩን ሸንኮራ ካህናቱ ሲግጡ ማየት ለብዙ ጊዜ የአዳማ ጨዋታ ሆኖ ቆይቷል።

እልፍነሽም «ሸዋዬ» እያለች ጠራቻቸው። እናቴ ብላ አታውቅም። ዘመድ «ኧረ ይህችን ሴት እናቴ በያት፤ ምን ያላደረገችልሽ አለ?» እያለ ሲወቅሳት ሸዋወርቅ ይቆጡ ነበር፤ «ተዉአት! ያ ስም ባለቤት አለው» ይሉ ነበር።

ሸዋወርቅ ለአቶ ሐዲስ መጀመሪያ አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ በጨቅላነቱ ሞተባቸው። ያኔም እልፍነሽን ከቤት አላስወጡም፤ መቃብሩን እጇን ይዘው አሳዩአት። በ1919 ዓ.ም. ጌጤ ተወለደች። እልፍነሽ እንዳትቀና የፈራ ሰው ነበር። ሸዋወርቅ ግን ሕፃኗን በመጀመሪያ ያስታቀፉት እሷን ነው፤ «ኡሩሩ» የሚለውን የሕፃን ማባበያ ዜማም በኦሮምኛ ያስተማሯት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ በዚህ ከተማ እናት ወይም አባት የሞተበት ልጅ ሲኖር ሽማግሌዎች «ሸዋዬን ጥሯት» ማለት ለመዱ። የሀጂ መሐመድሰዒድን ግመል ነጂ አዋሽ በሙላት በወሰደው ጊዜም ለልጆቹ የነገሩት እሳቸው ነበሩ፤ ነግረዋቸውም ወዲያው አልሄዱም፣ አብረው ሰነበቱ።

እልፍነሽ ባለፈው ዓመት ወለንጪቲ ተዳረች። ዘንድሮ መስከረም እንደጠባ ወይዘሮ ሸዋወርቅን ንዳድ ያዛቸው። የጣቢያው ሐኪም ኪኒን ሰጣቸው፤ ለጊዜው በረደላቸው፤ ተመልሶ ጠናባቸው። ለእልፍነሽ መልእክት ተልኮላት በባቡር መጣች። ጌጤም ከአባቷ ጋር ጣቢያ ወርዳ ጠበቀቻት፤ ባቡሩ ቆመ፣ እልፍነሽ ወረደች። ቤት ሲገቡ ሸዋወርቅ ከመኝታቸው ሆነው ሁለቱን ተቃቅፈው አዩአቸውና «አየሽ እልፍዬ፣ አንዳንዴ ባቡሩ ሰው ያመጣል» አሏት።

ጌጤ በሌለችበት፣ ወይዘሮ ዙለይካ እግራቸውን እያሹላቸው፣ እልፍነሽን አስጠግተው እንዲህ አሏት። «ለጌጤ በባቡር ሄደች እንዳትሏት። ሩቅ አገር ሄደች እንዳትሏት። ተኝታለች እንዳትሏትም፤ መተኛት ትፈራለች። ሞታለች በሏት። አንቺ ንገሪያት፤ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ።»

ወይዘሮ ዙለይካ «አንቺ ደግሞ! ገና ማን ሞተ?» ብለው ተቆጡ።

«ለማንኛውም ነው» አሉ ሸዋወርቅ ሳቅ ብለው። ከዚያ በኋላ የሳቁት ሳቅ የለም።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ትናንት ጥቅምት 14 ቀን 1925 ዓ.ም.፣ አንበጣው ካልዋሸ በሠላሳ ሁለት ዓመታቸው፣ ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ እንደገና ተሰበሰብን። ባላምባራስም አርጅተው በሰው ተደግፈው መጡ። ሽማግሌዎቹ እልፍነሽን «አንቺ ትችያለሽ?» አሏት። እሷም ጌጤን ከመኝታዋ አንስታ አቅፋ አመጣችና ከመሐል አስቀመጠቻት፤ እግሯ ሥር ቁጭ ብላ ፊቷን ከፊቷ አስተካከለች።

«ጌጥዬ» አለች፣ «እናታችን ሞታለች።»

በዚያ ቤት የነበረ ሰው ሁሉ ቃሉን ሰማ። «እናታችን» አለች። ዐሥር ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቃትን፣ እሳቸውም ያልጠበቁትን ቃል። አጎንብሰን ያለቀስነው ለሟች ብቻ አይደለም፤ ሁላችን ስንሰማው እሳቸው ብቻ ባለመስማታቸው ነው። ከግድግዳው ወዲያ በነጭ ተገንዘው ተኝተው ነበርና።

ጌጤም «በባቡር ነው የሄደችው?» አለች።

«አይደለም። እዚሁ ናት። ዛሬ እንቀብራታለን፤ አንቺም ታያለሽ፤ እኔ እጅሽን እይዛለሁ።»

ይኸው ይዛታለች።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ባለቤታቸውን አቶ ሐዲስን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ትርፌን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን እልፍነሽንና ጌጤን፣ ከእህት የማይለዩአቸውን ወይዘሮ ዙለይካን፣ በዚህ ከተማ በእሳቸው አፍ እውነቱን ሰምተው ያደጉ ብዙ ልጆችንም ትተው ሞተዋል። ይህ ሲጻፍ «ልጅቱ ትሰማለችና ድምፅህን ዝቅ አድርገህ አንብብ» ያሉ ነበሩ። ድምፁ ከፍ ያለው ጌጤ እንድትሰማ ነው። አሁን ወደ መቃብሩ ስንሄድም መንገድ ልቀቁላት፤ ከፊት ትቁም፤ አፈሩንም ትየው።

ዛሬም ከቀትር በኋላ ባቡሩ ይመጣል። ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይሳፈራል። ከአቶ ሐዲስ ቤት ግን ጣቢያ ወርዳ በየመስኮቱ እናቷን የምትፈልግ ልጅ አትኖርም።

እውነትን ለልጆች በእርጋታ የነገረችውን ይህችን ነፍስ፣ አምላክ እሱም በእርጋታ ይቀበላት፤ እልፍነሽ ከጠበቀቻት ከመሰለችም ጋር በአንድ ጥላ ያኑራት፤ ለሁለቱ ልጆቿም በምድር የሚይዛቸው እጅ አያሳጣቸው። አሜን።